የቤተሰብ መኪና፣ የመንደር ወንበር

ስልክ የያዘ ሁሉ አይቶታል። አሜሪካ ያለ የአንዱ ዘመድ ልጅ የላከው ቪዲዮ ነው። አውቶቡስ የምታህል መኪና፤ ውስጧ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ መታጠቢያ አለ። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ያበስሉባታል፣ ይተኙባታል፣ ሲነጋ መሪ ጨብጠው ወደሚቀጥለው ከተማ ይነጉዳሉ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መንጌ ሻይ ቤት ውስጥ ቪዲዮው ሲዞር ጥያቄው ከሥዕሉ ይረዝማል። «ሽንት ቤቱ ከምድጃው ስንት ክንድ ይርቃል?» ይላል አንዱ። «እንግዳ ሲመጣባቸው የት ያሳድሩታል?» ይላል ሌላው። አንድ ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ካዩ በኋላ ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ ነገር ይጠይቃሉ፦ «ሰዎቹ ምን ሆነው ነው? ቤታቸው ተቃጥሎ ነው?»

አልተቃጠለም። በሌላው ዓለም ይህ መዝናኛ ነው። ጀርመን አገር የፎልስዋገን ኮምቢ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን እየገጠሙ ለሽርሽር ማዘጋጀት ከተጀመረ ሰባ ዓመት አልፎታል። ጡረታ የወጣ ሰው ቤቱን አከራይቶ መኪና ውስጥ መኖር ይጀምራል። ከእነዚህ መካከል ደፋሮቹ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ድንኳን ጭነው ከካይሮ ወደ ኬፕታውን ሲወርዱ በእኛም አገር ያልፋሉ። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት የከፈቱት ማረፊያ የእነዚህ እንግዶች መሰብሰቢያ ሆኖ ኖሯል። መንገድ ዳር ሲያድሩ የእኛ ሕፃናት ከብበው ያዩአቸዋል፤ የእኛ እናቶች ደግሞ ከልባቸው ያዝኑላቸዋል። ይህን ያህል መኪና ገዝቶ አንዲት ጎጆ ያጣ ሰው እንዴት አያሳዝን!

ሳቁ ሳቅ ሆኖ ቢቀር መልካም ነበር። አይቀርም። ሻይ ቤት ውስጥ የሳቀው አባወራ ቤቱ ገብቶ ሲጋደም ያቺ መኪና ዓይኑ ላይ ትመጣበታለች። አልጋና ምድጃው ይቅርበት፤ ቤተሰብን ሁሉ ባንድ ላይ የምትይዝ መኪና ግን ለምን አትኖረውም? አረፋ ሲመጣ እናትን ይዞ አሶሳ፣ ሰርግ ሲኖር ሸርቆሌ፣ ለቅሶ ሲሰማ ሆሞሻ፣ አባት ሲታመም አዲስ አበባ። ሐሳቡ እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው እንግዲህ ደጋግሜ የታዘብኩት፦ መኪና ስንገዛ ብር እንቆጥራለን፤ ሰው አንቆጥርም።

መንጌ የወርቅ አገር ናት። ወርቅ ደግሞ ደመወዝ አይደለም። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ መጥቶ በወሩ መጀመሪያ ያልቃል፤ ወርቅ ሲቀና ግን ባንድ ሳምንት የዓመቱን ይሰጥና ከርሞ ይጠፋል። መኪና የሚገዛው ታዲያ በዚያች በቀናች ሳምንት ነው። ወንዝ ዳር ወገቧን ሰብራ፣ ሳፋ እያሽከረከረች አሸዋውን ከወርቁ የምትለየው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። መኪናውን የሚመርጠው ግን ወንዱ ነው። ይህን ስል የሚቆጡ አባወራዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ቢቆጡም ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ከፍተው ይዩና ይቆጡ።

ምርጫው ያለ ምክክር አይካሄድም። የአካባቢያችን በርታዎች ዙምባራ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያቸውን ሲነፉ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የቤተሰብ የመኪና ምክክርም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ተራ የሚጠብቅ አለመኖሩ ነው። አባት «ላንድክሩዘር» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም። የበኩር ልጅ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ይፈልጋል፤ ዕቃም ትጭናለች፣ ለሰርግም ታምራለች። ተከታዩ ቪትዝ ይላል፤ ነዳጅ አትበላም። ቪትዝ ውስጥ ቤተሰቡን በሦስት ዙር ማመላለስ እንደሚያስፈልግ ሲነገረው «እየተመላለስን ነዋ!» ይላል። አጎት ሚኒባስ ብለው ድርቅ ይላሉ፤ ሥራም ትሠራለቻ። እናት ዝናብና አቧራ የማታስገባ ትሁን እንጂ ሌላው ግድ የላቸውም። ያልተሰማው ድምፅ የእናት ነው፤ ኋላ ላይ እውነት ሆኖ የሚገኘውም እሱው ነው።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የመጨረሻው ልጅ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ይላል። ያልተማረ ሰው የተናገረው እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በዚሁ በእኛው ክልል፣ ጉባ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። «ከመብራቱ ምንጭ አጠገብ ተቀምጠን ቤንዚን ልንሰለፍ?» ይላል ልጁ። ክርክሩ ውብ ነው። አጎት ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዲዴሳ በረሃ ውስጥ ባትሪዋ ቢያልቅ ሶኬቱን ከየትኛው ዛፍ ላይ ትሰካዋለህ?» ልጁ ዝም ይላል። ቻርጅ ማድረጊያው መንገዱን እስኪሞላው ድረስ የአጎት ጥያቄ ከምርቃቱ ንግግር ሁሉ ይበረታል።

ከዚህ በኋላ ደላላ ይመጣል። ደላላ መጣ ማለት ቋንቋ ተለወጠ ማለት ነው። «ዶክተር የያዛት ናት።» «ሴት የነዳቻት ናት።» «ሞተሯ አልተነካም።» «ቀለሟ የፋብሪካ ነው።» ደላሎች የሚሉት ሁሉ እውነት ቢሆን የዚህ አገር ሐኪሞች መኪና ከመሸጥ ሌላ ሥራ ባልኖራቸው ነበር።

ገዢውን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ጎማ ይረግጣል። ጎማው ምን እንደሚነግረው እግዜር ይወቅ፤ ግን ሳይረግጥ የገዛ ወንድ አላየሁም። ቀጥሎ ኮፈኑ ይከፈታል። አብረው የመጡት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ሞተሩን ያያሉ። ማንም አይናገርም። ቆየት ብሎ አንዱ «ንጹሕ ነው» ይላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እንዴት ንጹሕ ሊሆን እንደቻለ የሚጠይቅ የለም። አሥራ አምስት ዓመት አፈር መንገድ የረገጠች መኪና ሞተሯ የሚያብረቀርቀው ትናንት ማታ ታጥቦ ነው፤ የታጠበውም ዘይት የሚያፈስበት ቦታ እንዳይታይ ነው። አቧራ የጠጣ ሞተር እውነቱን ይናገራል፤ የታጠበ ሞተር ግን ምስክርነቱን አጥቦ መጥቷል። መጨረሻ ላይ ታናሽ ወንድም ጋቢና ገብቶ ቴፑን ይከፍታል። ቴፑ ከሠራ ገበያው አለቀ።

ቁም ነገሩን እዚሁ ልጣለው። መኪና የሚታየው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ባለቤቱ «እናንተ እስክትመጡ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» ካለ አመስግናችሁ ተመለሱና በማግስቱ ሳይጠራችሁ ሂዱበት። ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀች ዘይት ትበላለች። ነጭ ጭሷ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሥሯ ገብታችሁ ባሊስትራዋን እዩ፤ የተጨመረ ላሜራ ካለ ሚኒባስ መስሏችሁ የጭነት መኪና ልትገዙ ነው። መካኒክ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ወንድም ነው። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ከሁሉ በላይ «ስሙን በኋላ እናዛውራለን፣ ለጊዜው በውክልና ንዳት» የሚሏችሁን አትስሙ። ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮት ይሞታል። ያኔ መኪናዋን ይዛችሁ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ዘመድ ትሆናላችሁ።

የዋጋው ነገር ሌላ ጉድ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። እኛ አገር ግን መኪና እንደ ሽማግሌ ዕድሜው ሲገፋ ይከበራል። አዲስ እንዳይገዛ ዋጋው ሰማይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚመጣውን አሮጌ መኪና በዕድሜው ልክ እያከበደ ቀጣው። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በዚህ ሁሉ መሀል አገር ውስጥ ያለችው አሮጊት ሚኒባስ ሳታስበው ባለጸጋ ሆነች። ባለቤቷ ዓምና የገዛበትን ዘንድሮ አትርፎ ይሸጣል፤ በዚህም ምክንያት ራሱን ነጋዴ አድርጎ ይቆጥራል። ገዢውም «ብሸጣት አልከስርም» እያለ ይጽናናል። ሁሉም ለመሸጥ እያሰበ የሚገዛት መኪና በመጨረሻ የቤተሰብ መኪና መሆኗ ራሱ ያስቃል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ወርቁ ግማሹን ይሸፍናል፤ ቀሪው ግማሽ ነው ጣጣው። ባንክ አለ። ባንክ ግን የነሐሴ 2015 ዓ.ም. ትዝታ አለበት፤ ብሔራዊ ባንክ ያኔ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ፤ ገደቡ ኋላ ከፍ ቢልም ብድር ቤት ደጅ ላይ የሚጠብቀው ሰልፍ አላጠረም። ባንክ የሚያበድረው ደግሞ ላለው ነው፤ መያዣ አምጣ፣ የገቢ ማስረጃ አምጣ፣ ቅድሚያ ክፍያ አምጣ ይላል። ወርቅ የሚያጥብ ሰው የገቢ ማስረጃው ወንዙ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ማኅተም የለውም።

ወለድ የማይወስድ ሰው ከወለድ ነፃ ወደሚሠሩት ይሄዳል። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ሌሎቹም ባንኮች መስኮት ከከፈቱ ወዲህ፣ ሙራባሃ የሚለው ቃል ሻይ ቤት ገብቷል። አሠራሩ ግልጽ ነው። ባንኩ መኪናዋን ራሱ ይገዛትና ትርፉን በዋጋው ላይ ጨምሮ፣ ስንት እንደሆነ አስታውቆ፣ በየወሩ ለሚከፍል ደንበኛ ይሸጥለታል። ጥሩ ነው። ጉዳዩ ላይ የምታዘበው ባንኩን ሳይሆን ደንበኛውን ነው። «ወለድ የለውም» ማለትን «ክፍያ የለውም» ማለት አድርጎ የሚሰማ ጆሮ ሞልቷል። በሦስተኛው ወር ሲደወልለት «እናንተ ከወለድ ነፃ አይደላችሁም እንዴ?» ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ አለ።

እቁብም አለ። እቁብ ሲደርስ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው መኪናዋን ገዝቶ ይገባል፤ የሠፈሩ ልጆች ያፏጫሉ፤ ሚስት እልል ትላለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንቶች ናቸው የሚረዝሙት። መኪናዋ ጋራዥ ተኝታም እቁቡ አይተኛም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የወዳጅ ዘመድ ብድር ነው። ባንክ ሲያበድር ሰነድ ይይዛል፤ ዘመድ ሲያበድር ወንበር ይይዛል። አምስት ሺህ ብር የጨመረ ከኋላ ይቀመጣል። ሃምሳ ሺህ የጨመረ ጋቢና ይገባል። ወርቁን ሲሸጥ አብሮ የሄደው ምንም ባይጨምርም መስኮት አጠገብ ነው። ገንዘቡ ተመልሶ ካለቀ በኋላም ወንበሩ አይመለስም። የባለመኪናው ሚስት የት ትቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው መኪናዋ ልትነሣ ስትል ነው።

«ሥራ ትሠራለች» የሚለው የአጎት ሐሳብ አሸንፎ ሚኒባስ ሲገዛ ደግሞ እንዲህ ይፈጸማል። ቀን ቀን ከአሶሳ መንጌ ትመላለሳለች፣ ዓርብና በዓል ለቤተሰብ ትሆናለች። ሹፌር ይቀጠራል፤ ገቢ በየማታው ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሳምንት ገቢ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ጎማ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ፍሪሲዮን ነው። አራተኛው ሳምንት «ዛሬ ነዳጅ ጠፍቶ ከጥቁር ገበያ በሃይላንድ ገዛሁ» ነው። ክረምት ሲገባማ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ሲወርድ፣ ሹፌሩ ጭቃ ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ መንገድ ላይ ካሳለፈው ይበልጣል። ባለቤቱ ታዲያ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ገቢዋን ብቻ ነው። ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ቦሎውን፣ ግብሩን፣ መድኑን «የመኪናዋ ጣጣ» ብሎ ያልፈዋል። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግዴታ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እሱን ገዝቶ መኪናው ሙሉ ዋስትና ያገኘ ይመስለዋል። ስሙ ላይ እንደተጻፈው የሚክሰው ሦስተኛውን ወገን ነው። የእናንተ ፓራውልትና የእናንተ መስታወት የእናንተው ኪስ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ጉዞው እንግባ፤ መኪና የተገዛው ለእሱ አይደል። ይፋው ምክንያት አባትን አዲስ አበባ ማሳከም ነው። ይፋ ያልሆኑትን ምክንያቶች ለመቁጠር ግን መኪናዋ ስትጫን መድረስ ያስፈልጋል። ፖርቶ መጋላው ላይ ለአዲስ አበባዋ እህት የሚሄድ ሁለት ማዳበሪያ ማንጎ ወጥቷል። በጀሪካን ማር አለ። መንገድ ላይ ቡና ሊፈላ ስለሚችል ጀበና፣ ረከቦት፣ ከሰልና ማንደጃ ገብተዋል። ለሰላት መስገጃና የውዱዕ ማንቆርቆሪያ አለ። አባት ቢደክማቸው ፍራሽ ተነጥፏል። እግሯ የታሰረ ዶሮ ወንበር ሥር ተቀምጣለች፤ ማን እንዳመጣት የሚናገር የለም። ከታማሚው ጋር አስታማሚ፣ ከአስታማሚው ጋር «እግረ መንገዴን ጥርሴን ልታይ» የሚል፣ ከእሱ ጋር «አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም» የሚሉ አክስት ይሳፈራሉ። ሹፌሩ ባሊስትራውን ጎንበስ ብሎ አይቶ «ኧረ በአላህ!» ይላል። «ልጅ አይቆጠርም» ተብሎ ይመለስለታል። ልጅ አለመቆጠሩን ኬላ ላይ ያለው የትራፊክ ፖሊስ ግን አልሰማም፤ ትርፍ እያለ በጣቱ ይቆጥራል።

ከመነሣት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መንገዱ ሰላም ነው? በቅርብ ዓመታት የወለጋ መስመር የተከፈተ ሲመስል እየተዘጋ ሰው ሲያስመርር ኖሯል፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ቀልድ የሚያደርገው የለም። መልሱን የሚያውቁት በየዕለቱ የሚመላለሱት የአይሱዙ ሹፌሮች ናቸው። እነሱን ጠይቁ፤ ሳይመሽ ግቡ፤ ብቻችሁን አትሂዱ። እዚህ ላይ ቀልድ አልጨምርም።

ዳቡስን ተሻግሮ መንዲ፣ ነጆ፣ ጊምቢ። ከዚያ ወደ ዲዴሳ ሲወረድ ሙቀቱ ይመጣል፤ ማሩ ይላላል፤ ማንጎው ይሸታል፤ ዶሮዋ ትናገራለች። ጎማ ይተነፍሳል። ስኮርታ ይወጣል። ያኔ ስኮርታው ራሱ መተንፈሱ ይታወቃል፤ ቀድሞ ያየው ሰው ስለሌለ። ክሪክ ደግሞ አለ ተብሎ ነበር። ጎሚስታ ፍለጋ አንዱ በሞተር ሲላክ ሴቶቹ ዛፍ ጥላ ሥር ከሰል አያይዘው ቡና ያፈላሉ። የሚያልፈው የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ «ምን ሆናችሁ?» ሲል ስኒ ይሰጠዋል፤ ክሪኩ የሚገኘውም ከእሱ ነው። የአገራችንን የመጀመሪያዋን መኪና በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ አንሥቶ፣ ወራት ፈጅቶ አዲስ አበባ ያደረሳት እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ነው ይባላል። ምኒልክ ከተማ ለመድረስ ብዙ ሰው ሳያስቸግር አልቀረም። የአገራችን የመኪና ጉዞ ከዚያ ወዲህ አስፋልት አገኘ እንጂ ጠባዩን አልለወጠም፦ መኪናዋን የሚያደርሳት ሞተሩ ብቻ አይደለም።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ ነቀምት፣ ይመሻል። የሆቴል ዋጋ ይጠየቃል። በሰው ቁጥር ሲባዛ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ሴቶችና አባት አልጋ ይያዝላቸዋል። ወንዶቹ መኪናዋ ውስጥ ወንበር አጣጥፈው፣ ፍራሽ ዘርግተው ይተኛሉ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ውኃ በማንቆርቆሪያ አለ፣ ማቀዝቀዣ ባይኖርም ስንቁ በሕይወት አለ፤ ወንበር ሥር ታስሯል። ከልጆቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽና ወደ አሜሪካ ይልከዋል። ሲነጋ መልስ ይመጣል፦ «በጣም ታምራለች! የቀን ኪራይዋ ስንት ነው?»

ጉዞው አልቆ መኪናዋ መንጌ ስትመለስ የቤተሰብ መኪናነቷ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ናት። ሰርግ ያለው ሙሽራ ሊያመጣባት ይጠይቃል። ለቅሶ ያለበት ያለ ጥያቄ ይሳፈራል። «አንዴ ብቻ» የሚለው ቃል በዓመት ስንት አንዴ እንዳለው የሚያውቀው ባለመኪናው ብቻ ነው። ነዳጅ የሚሞላ የለም፤ ሁሉም መኪና ውኃ እንደምትጠጣ ያስባል። ባለመኪናው እምቢ ካለ «ወርቅ ሲያገኝ ልቡ ደነደነ» ይባላል፤ እሺ ካለ ደግሞ «አሁንማ መኪናዋ አረጀችበት» ይባላል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ግን ትዝብቴ ጎደሎ ይሆናል። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት አሶሳ ሆስፒታል የምትደርሰው ብዙ ጊዜ በዚያችው ባሊስትራዋ በተሰበረ ሚኒባስ ነው። ማንም ነዳጅ አይጠይቅም፤ ባለቤቱም አይጠይቅም። በማግስቱ ልጁ በሰላም ተወለደ ሲባል መኪናዋ ያን ሌሊት የበላችው ቤንዚን ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ያቺ አልጋና ምድጃ ያላት የአሜሪካ መኪና ይህን አገልግሎት አትሰጥም፤ ባለቤቶቿ የዛሬ ጎረቤታቸውን ስም አያውቁማ። ስለዚህ ስሕተቱ መኪና መግዛት ላይ አይደለም፤ የገዙትን አለማወቅ ላይ ነው። «ለቤተሰቤ ገዛሁ» ብሎ የገዛ ሰው ሰፈሩ ሲሳፈር ይናደዳል። «ለሰፈሩ ገዛሁ» ብሎ የገዛ ሰው ግን በጀቱን በዚያው ልክ ይዞ ይጀምራል፤ ለአራቱ ልጆቹ ወንበር የሚበቃ ቪትዝ ሳይሆን ለአርባው ዘመዱ ትዕግሥት የሚበቃ ሞተር ይመርጣል።

ስለዚህ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡ። በአንድ ገጽ ላይ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ባንድ ላይ የሚንቀሳቀስባቸውን ቀናት ጻፉ፤ ዒድ፣ አረፋ፣ አንድ ሁለት ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ሕክምና፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ። በሌላው ገጽ ለእነዚያ ቀናት ሹፌሩና ነዳጁ የሌላ ሰው ራስ ምታት የሆነ ሚኒባስ በኮንትራት ቢያዝ ስንት እንደሚሆን ጻፉ። ከሥሩ የእቁቡን፣ የባንኩን፣ የጎማውንና የዘይቱን ወጪ ደምሩ። ወረቀቱን ለእናትየዋ ስጧት፤ ወርቁን ያጠበችውም እሷ ናትና ሒሳቡንም እሷ ትፍረደው። ከዘጠኝ ቤት ስምንቱ ኮንትራት እንደሚያዋጣው በደንብ አውቃለሁ።

ያም ሆኖ ስምንቱም እንደሚገዙ ከዚያ አስበልጬ አውቃለሁ። የኮንትራት ሚኒባስ ሁሉን ነገር ታደርግላችኋለች፤ አንድ ነገር ብቻ አትችልም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ «የማን ናት?» አታስብልም።